«የለም» ተብሎ የተመዘገበው አሥር ዓመት

መስከረም 1997 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የማታ ትምህርት ቤት ቢሮ ልመዘገብ ቆሜ ነበር። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል ስሜን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም፣ ዕድሜዬን እየጠየቀች ጻፈች። «ከዚህ በፊት የተማርህበት ትምህርት ቤት?» አለችኝ። የኔታ ታወሱኝ፤ ጎጆዎቹ ታወሱኝ፤ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። «የቅኔ ተማሪ ነበርሁ» አልኋት። «እሱን አይደለም፤ መደበኛውን ማለቴ ነው። ካርድ አለህ?» ካርድ አልነበረኝም። ባዶው መስመር ላይ «የለም» ብላ ጻፈችና ቅጹን ከክምሩ ላይ ደረበችው።

ልጅቱ ክፉ አልነበረችም፤ የታዘዘችውን ሠራች። ነገር ግን ከስምንት ዓመቴ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቴ የለፋሁበት ሁሉ በሦስት ፊደል ሲዘጋ በዓይኔ አየሁ። ያ ቃል ከወረቀቱ ወርዶ ውስጤ ገባና አራት ዓመት ተቀመጠ። ዛሬ መምህር ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆችን በየዓመቱ አያለሁ፤ ያ ቃል ሲገባባቸውም ከፊታቸው ላይ አነበዋለሁ። ለእነሱ፣ ለወላጆቻቸውና ለሚያስተምሯቸው ሰዎች ቢጠቅም ብዬ ያለፍሁበትን ልጻፍ። ዕድሜው ከገፋ በኋላ ደብተር ይዞ ከልጆች ጋር የተቀመጠ ሌላ ሰውም የራሱን ነገር ያገኝበት ይሆናል።

የተወለድሁት ጎጃም፣ ደጋ ዳሞት ነው። በስምንት ዓመቴ ንባብ ቤት ገባሁ፤ ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ፊደለ ሐዋርያ፣ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። በአሥራ ሁለት ዓመቴ አባቴ ደበሎ አስለፍቶ፣ እናቴ አኮፋዳ ሰፍታ፣ በሶ ቋጥራ ሸኙኝ። የሁለት ቀን መንገድ ተጉዤ ከጎንጅ ብዙ በማይርቅ አንድ ደብር ቅኔ ቤት ገባሁ። ቀን ቀን መንደር ለመንደር እየዞርን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ቁራሽ እንለምን ነበር። ውሻ ነክሶኛል፤ ጠባሳው ዛሬም ግራ ባቴ ላይ አለ። እከኩንም ቅማሉንም አውቀዋለሁ። አንድ ክረምት ተስቦ ገብቶ ከመካከላችን አንዱን ልጅ ቀብረናል፤ እናቱ የሰማችው ከወር በኋላ ነው። ይህን ሕይወት እንደ ተረት አሳምረው የሚያወሩ ሰዎች ስላሉ ነው አስቀድሜ የምናገረው። ረኃብ ረኃብ ነው።

ሆኖም በዚያ ረኃብ መካከል ማን እንደሆንሁ ጠይቄ አላውቅም። ጧት የኔታ የግእዙን አገባብ ይነግሩናል። ረፋዱ ላይ እያንዳንዳችን ደበሏችንን ተከናንበን በየቁጥቋጦው ሥር ለብቻችን ተቀምጠን ቅኔ እንቆጥራለን፤ እንደርሳለን ማለት ነው። ማታ በየተራ ለየኔታ እንነግራለን፤ ቀለሙ ከጎደለ ወይም ምሥጢሩ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። ሌሊት ግስ እንቀጽላለን፤ የግእዙን ግስ በቃላችን እናወርዳለን። በእኛ ቤት የግስ አርእስት ስምንት ናቸው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። ሌላው ግስ ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ሥር ይሰለፋል። ቅኔ ሁለት ቤት (መስመር) ካለው ጉባኤ ቃና ተጀምሮ ወደ ሥላሴ፣ ከዚያም ወደ መወድስ ይወጣል። ጉባኤ ቃና የደረሰው አዲስ ገቢውን ያስቀጽላል፤ ሥላሴ የደረሰው ጉባኤ ቃናውን ይረዳል። ትናንት የተማረ ዛሬ ያስተምራል፤ ያወቁትን መሸሸግ ነውር ነው። የምጠራው በክርስትና ስሜ ነበር፤ ጓደኞቼ ሲያቀብጡኝ «ዳሞቴው» ይሉኛል። መወድስ ስደርስ ደግሞ ቁራሽ የሚሰጡኝ የመንደሩ እናቶች «የእኛ መሪጌታ» ማለት ጀመሩ። የለበስሁት የተቦጫጨቀ ደበሎ ነው፤ ግን ቀና ብዬ ነበር የምሄደው።

በ1996 ዓ.ም. አባቴ ሞተ። ከእኔ በታች አራት ልጆች ነበሩ። ባሕር ዳር መጥቼ ሎተሪ ማዞር ጀመርሁ፤ ከሚተርፈኝ ለእናቴ እልክ ነበር። የማታ ትምህርት ቤት የገባሁት አብረውኝ የሚያዞሩ ልጆች «ቢያንስ አሥረኛ ክፍል ካልጨረስህ እዚሁ ነው የምታረጀው» ስላሉኝ ነው።

ክፍል ለመመደብ ፈተና ሰጡኝ። የአማርኛ ንባቡን አንድም ሳልስት ጨረስሁ። የሒሳቡን ግማሽ ሠራሁና የማካፈል ምልክቱ ላይ ስደርስ ቆምሁ፤ ምን እንደሆነ አላውቀውም። የእንግሊዝኛውን ወረቀት እንዳለ መለስሁት። ሦስተኛ ክፍል ተባልሁ። የመጀመሪያው ማታ መምህሩ ስም ሲጠሩ አንድ ስም ላይ ደርሰው ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠሩ፤ ማንም አቤት አላለም። እኔም እንደ ሌላው ዞር ዞር ብዬ አየሁ። አራተኛ ጊዜ ከአባቴ ስም ጋር ሲጠሩት ነው የእኔ መሆኑ የገባኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ ለስድስት ዓመት ግን በዚያ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረም። ክፍሉ ሳቀ። ሰው ሁለት ስም ሲኖረው በየትኛው እንደሚጠሩት የሚወስንለት ያለበት ቦታ ነው፤ ያን ማታ አዲሱ ቦታዬ ወሰነልኝ።

ከጎኔ የተቀመጠችው በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ከሴት ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጬ ስማር የመጀመሪያዬ ነው፤ አንገቴን እንደደፋሁ ሳምንት አለፈ። እሷ ናት ቀድማ ያናገረችኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል እንደማልለይ ባየች ጊዜ ምንም ሳትል ደብተሯን አዙራ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሃያ ስድስቱን በሁለት ረድፍ፣ ትልቁን ከላይ ትንሹን ከታች አድርጋ ጻፈችልኝ። ጣቶቿ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸቱ ነበር፤ አመልካች ጣቷ ላይ የቢላ ቁርጥ ነበረ። «ትንሿ ቢ ሆዷ ወደ ቀኝ ነው፤ ትንሿ ዲ ሆዷ ወደ ግራ» እያለች በጣቷ አሳየችኝ። ገጹን ቀድዳ ሰጠችኝ። በቅኔ ቤት ያየሁት ነገር ነበር፤ ያወቀ ላላወቀ ይሰጣል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ቀረች። አሠሪዎቿ ማታ እንግዳ ስለሚበዛባቸው ትምህርቱን ከልክለዋታል አሉ። ስለ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ከመምህሮቼ ሁሉ ቀድማ እሷ ትታወሰኛለች፤ ይህን ጽሑፍ ብታነብ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

ኅዳር ውስጥ ይመስለኛል፣ የሒሳብ መምህራችን ስለ ማካፈልና ስለ ቀሪ እያስተማሩ ነበር። አንድ ቁጥር ለአራት ተካፍሎ ምን ይተርፋል ብለው ጠየቁ። አፌ አልታዘዝ ብሎኝ «ሦስት ይተርፋል፤ ሉቃስ ነው» አልሁ። ሉቃስ ማለት ምንድን ነው አሉኝ። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ያስተማሩኝ ከየኔታ ዘንድ የነበሩ አንድ መሪጌታ ናቸው። ዘመኑ ለአራት ሲገደፍ፣ ማለትም ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ፣ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ይባላል ብዬ ነገርኋቸው። መምህሩ ጠመኔውን ሰጡኝ። «እስኪ የዘንድሮን ፋሲካ አውጣልኝ» አሉ።

ሰሌዳው ፊት ቆሜ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አፌ ግን አልተንቀጠቀጠም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው 5500 ዘመን እና 1997 ሲደመር 7497። ለ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ብንሰጥ 10፣ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ሲበዛ 110፤ በ30 ሲገደፍ 20፣ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ በ19 ሲበዛ 190፤ በ30 ሲገደፍ 10፣ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል። መጥቅዕ ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት ላይ ይውላል፤ ጥቅምት 10 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር፣ 4 ነው፤ 14 ሆነ። ነነዌ የካቲት 14 ሰኞ ይገባል። ለፋሲካ በ14 ላይ 9 ሲጨመርና ሁለት ወር ሲታለፍ ሚያዝያ 23። መምህሩ ከቢሮ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አምጥተው ቅጠሉን ገለጡ። ሚያዝያ 23 እሑድ፣ ፋሲካ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ መምህሩ ከ7497 ጎን የማካፈል ምልክቱን አስቀመጡና እኔ በቃል የተናገርሁትን አንድ በአንድ በዚያ ምልክት ጻፉት። «አንተ የማታውቀው ምልክቱን ነው እንጂ ነገሩን አይደለም» አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወሰድ ከሆነ ይህ ዓረፍተ ነገር ይወሰድ። ያን ማታ ከማካፈል ምልክቱ ጋር ታረቅሁ። በዓመቱ መጨረሻ ደብል መትቼ አምስተኛ ክፍል ገባሁ። እንግሊዝኛውንም በዚያው መንገድ ያዝሁት፤ እንደ ግስ ቀጸልሁት። ሎተሪ ይዤ በየመንገዱ ስዞር «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፣ ሄደ፤ ታይም፣ ጊዜ» እያልሁ በግስ ዜማ እላለሁ። ሥርዓት የሚከተሉትን ግሶች በአንድ ወገን፣ የሚያፈነግጡትን በሌላ ወገን አሰልፌ አርእስት አወጣሁላቸው። በአንድ ክረምት ብዙ መቶ ቃል ገባኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ግን ክፉው ጊዜዬ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አምስተኛ ክፍል ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፤ ሒሳብ መምህሩም አብረውኝ የነበሩትም አልመጡም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅኔ ተማሪ እንደነበርሁ አንዱ ሰምቶ አወራ። ከዚያ በኋላ ስሜ «ደብተራው» ሆነ። ፈተና በመጣ ቁጥር «ድግምት ድገምልንና ይቅለለን» ይሉኛል፤ አንዲት ልጅ ካናገረችኝ «መስተፋቅር አድርገህባት ነው» ይሉኛል። ለቀልድ ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ስድስት ዓመት በውሻና በረኃብ መካከል የተማርሁት ነገር መሳቂያ ሲሆን መታገሥ አልቻልሁም። በዓመቱ ማብቂያ ወደ ሌላ ፈረቃ ተዛወርሁና አዲስ ታሪክ ፈጠርሁ። «አገር ቤት ሦስተኛ ክፍል ደርሼ በድህነት ያቋረጥሁ ነኝ» ማለት ጀመርሁ። ትምህርት ያቋረጠ መባል የቅኔ ተማሪ ከመባል የተሻለ ክብር ያለው መስሎ ታየኝ። ነጠላዬን ሸጥሁ። የዳሞት አነጋገሬን አረምሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ የሚያውቀኝ አግኝቶ ቅኔ አቅርብ እንዳይለኝ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ቶሎ እወጣ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ቆሜ ሎተሪ ስሸጥ ከመንገዱ ማዶ «ዳሞቴው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ። በአንድ ጎጆ ሦስት ክረምት አብረን አድረናል፤ ውሻ የነከሰኝ ጊዜ ቁስሌን ያጠበልኝ እሱ ነው። ተሻግሮ መጣና ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ። «ተሳስተሃል ወንድሜ» አልሁት። ፊቴን አየ፤ ልብሴን አየ፤ ጓደኞቼን አየ። «ይቅርታ፤ የማውቀው ሰው መስለኸኝ ነው» ብሎ ተመለሰ። አንዲት ቃል አልጨመረም። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ጨጓራዬ ይነድዳል፤ ያነበብሁት አይያዝልኝም፤ በልጅነቴ መቶ ሃምሳውን መዝሙር የተሸከመ ራስ አንድ አንቀጽ መሸከም አቃተው። ጤና ጣቢያ ሄድሁ። የመረመሩኝ ነርስ ደሙንም ሰገራውንም አይተው ምንም አላገኙም። «ከማን ጋር ነው የምትኖረው? የልብህን የምታጫውተው ሰው አለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት የሚያውቀኝ ሰው በውሸት ያወቀኝ ነው፤ በእውነት የሚያውቀኝን ደግሞ አላውቅህም ብዬዋለሁ። በዚያ ከተማ ስለ እኔ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ነርሷ የሆድ መድኃኒት ሰጡኝ፤ «መድኃኒቱ ያስታግስልሃል፤ ሰው ግን ፈልግ» ብለው ሸኙኝ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ወጣት ጤና ጣቢያ መሄድን እንደ ድክመት እንዳይቆጥረው እለምናለሁ። የእኔ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነበር።

ሰው ለመፈለግ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እፍረት እግር ያስራል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኜ ውጤቴ ጥሩ ሲሆን፣ የምሥራቹን የምነግረው ሰው ማጣቴ ነው እግሬን የፈታው። በየአድባራቱ እየጠየቅሁ ያን ጓደኛዬን አገኘሁት። በአንድ ደብር ያገለግል ነበር። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጁ ያዘኝ። «ያን ዕለት እኮ ሎተሪ ከአንተ ልገዛ ነበር የተሻገርሁት» አለኝ። ሁለታችንም አለቀስን። «የኔታ ስለ አንተ ሳይጠይቁኝ የቀሩበት ጊዜ የለም፤ እንሂድ» አለ።

ሐምሌ 2001 ዓ.ም. ስኳርና ቡና ቋጥረን ሄድን። ከመኪና ወርደን ግማሽ ቀን በጭቃ ተጓዝን። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል። ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ ገና ሳልናገር «ዳሞቴው ነህ» አሉ። አምስት ዓመት የት ጠፋህ አላሉኝም። ምን ተማርህ አሉ። እንግሊዝኛ ስላቸው ወደ እኔ ቀረብ ብለው «ግስ አለው?» ብለው ጠየቁ። አለው የኔታ አልሁ። «እስኪ አንዱን አውርድልኝ።» «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» አልሁ። ደግመህ በለው አሉ፤ ደገምሁት። ግንባራቸውን ቋጥረው ጥቂት ቆዩና «ዌንት የሚለው ከጎ ዘር አይደለም፤ ከሌላ ግስ ተውሰውት ነው» አሉ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስጠይቅ እንዳሉት ነው፤ ዌንት ጥንት የሌላ ግስ ኀላፊ ነበር። እንግሊዝኛ በጆሯቸው ሰምተው የማያውቁ ሽማግሌ በአንድ ደቂቃ የደረሱበትን ነገር እኔ አራት ዓመት ስቀጽለው አላየሁትም።

በማግስቱ ጉባኤ ቃና ቆጥረህ ና አሉኝ። የዱሮው ቁጥቋጦዬ ሥር ሄጄ ተቀመጥሁ። ሁለት ቤት ለመሙላት እስከ ቀትር ቆየሁ። ማታ ስነግራቸው አንድ ቀለም ጎድሎ ነበር። እንደ ዱሮው «ጎድሏል» አሉና አሟሉልኝ፤ ቀጥሎ ተራው ወደነበረው ልጅ ዞሩ። ያ ነው በእውነት የፈወሰኝ። ልዩ እንግዳ ሳያደርጉ፣ ሳይወቅሱም፣ በተራዬ አረሙኝ። ያን ሌሊት በሣር ላይ እንደ ልጅ ተኛሁ።

ቀሪው ቶሎ የሚነገር ነው። አሥረኛ ክፍልን በ2003፣ አሥራ ሁለተኛን በ2005 ዓ.ም. ተፈተንሁ። ምደባዬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆነና ሒሳብ ተማርሁ፤ በ2008 ዓ.ም. በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ተመረቅሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ አብረውኝ ለተመደቡት ልጆች የቅኔ ተማሪ ነበርሁ ብዬ ተናገርሁ። የቀለደ አልጠፋም፤ ግን ቀልዱ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም።

አሁን በቀጥታ ለእናንተ ለመንገደኞቹ። ከወጣችሁበት ደብር ሳትርቁ ስማችሁን አስተካክሉ። መታወቂያ ሲወጣ፣ የልደት ማስረጃ ሲጻፍ፣ ትምህርት ቤት ስትመዘገቡ አንድ ዓይነት ስም ይሁን፤ የክርስትና ስሙ በአንዱ ወረቀት፣ የቤት ስሙ በሌላው ገብቶ ፈተና ሲደርስ የተንገላቱ ልጆች አውቃለሁ። ካርድ የለህም ሲሏችሁ የምደባ ፈተና ይሰጠኝ በሉ። ከዚያ ለአንድ መምህር፣ ለአንድ ብቻም ቢሆን፣ የተማራችሁትን ንገሩ። ሁሉም አይገባውም። የሚገባው አንድ ይበቃል።

የቃል ጥናታችሁ ትልቅ ሀብት ነው፤ አደጋም አለው። ሰባተኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፉን ገጽ በገጽ በቃሌ ይዤ ገብቼ ፈተናው ላይ ወደቅሁ፤ የተጠየቀው «ለምን» ነበር፣ እኔ የያዝሁት «ምን» ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስገባ የንባብ ቤቱን ልጅ ይዤ ገባሁ፤ መግባት የነበረበት የቅኔ ቤቱ ልጅ ነው። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ነገር ካልፈጠረ አያልፍም፤ የትናንቱን ቢደግም «ይህ ተብሏል» ይባላል። ሰሙን ይዞ ወርቁን ካልፈለገም አይታረፍለትም። ሳይንስም ሒሳብም የሚፈልጉት ያንን ልጅ ነው። እሱን አብራችሁ አስመዝግቡት።

ዕድሜ ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ሦስተኛ ክፍል ተቀምጫለሁ። እፍረቱን ያቀለለልኝ፣ ከክፍሉ ልጆች አንዱን ማስጠናት መጀመሬ ነው፤ የሚያስጠና ሰው ስንት ዓመቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆች ደብተራቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ይጽፋሉ። እናንተ አትሸፍኑ። ያደጋችሁበት ቤት ሥርዓት እንዲህ አይደለም።

ከየኔታ ጋር አትቆራረጡ። ስልክ በየገጠሩ ገብቷል፤ ደውሉ። ሐዲስ አለማየሁና ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥተው ነው አንዱ ደራሲና ዲፕሎማት፣ አንዱ የተውኔት ጸሐፊ የሆኑት፤ የቀደመውን ጥለው ቢሆን ኖሮ አማርኛችን ዛሬ ያለውን አያገኝም ነበር።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው፤ ልጃችሁን «ይህን ሁሉ ዓመት ባከንህ» አትበሉት። ለመምህራን ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ክፍላችሁ ሲገባ የማያውቀውን ከመቁጠራችሁ በፊት የሚያውቀውን አንድ ነገር አሠሩት፤ ጠመኔውን ስጡት። ለእኔ ያደረጉት መምህር አሥር ደቂቃ ነው የወሰደባቸው።

ባለፈው መስከረም በምሠራበት ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ነበርሁ። ነጠላውን አጣፍቶ የለበሰ፣ ፕላስቲክ ጫማ ያደረገ ልጅ መጣ። ቅጹ ከእኔ ዘመን ብዙ አልተለወጠም፤ ያ መስመር እንዳለ ነው። ካርድ አለህ አልሁት። የለኝም አለና አንገቱን ደፋ። ቅኔ የት ደርሰሃል አልሁት። ቀና አለ። «ሥላሴ ገብቻለሁ» አለኝ። በመስመሩ ላይ «ቅኔ፤ ሥላሴ የገባ» ብዬ ጻፍሁ። ጠባብ ስለነበር ፊደሉን አሳንሼ ነው የጻፍሁት። ከዚያ በክርስትና ስምህና በቤት ስምህ ማንኛው ይሻልሃል ብዬ ጠየቅሁት፤ ጥቂት አሰበና ሁለቱንም ነገረኝ።